ያለ ቀልብ የተሰጠ ምርቃት

ልጅ ሳለሁ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ባለችው ቀበሌያችን ያኔ መብራት አልገባም ነበርና፣ ሲመሽ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ አያታችን አባ ይመር ፍሙን እየቆሰቆሱ ተረት ይነግሩን ነበር። አንዱን ደጋግመው ነው የነገሩን። አንድ ነጋዴ ከከላላ ገበያ ሲመለስ በቅሎው ወንዝ ዳር ቆማ አልሻገርም አለች። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ውሃው ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ። ገረፋት፣ ገባች። መሃል ሲደርሱ ደራሽ ውሃ ሁለቱንም ጠረጋቸው።

«በቅሎዋ በምን አወቀች?» እላቸዋለሁ።

«እሷስ መች አወቀች ልጄ፤ ቆዳዋ ነው ያወቀው» ይሉና ፍሙን ይቆሰቁሳሉ።

እህቴ ሰዓዳ ዓረብ አገር ልትሄድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ የአያቴን ምርቃት ሲጠብቅ፣ እሳቸው እጃቸውን አላነሱም።

«ቀልቤ አልወደደውም» አሉ።

«ምኑን?» አለ አባቴ።

«እኔ እንጃ።»

ጉዞዋን የጨረሰላት ደላላ ሳቀ። «አባ ይመር፣ ቪዛዋ ወጥቷል፣ አሰሪዋም አላህን የምትፈራ ናት። ቀልብዎ ሌላ ምን ወረቀት ይፈልጋል?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ እኔም ሳቅኩ። ሰዓዳ ግን እግራቸው ላይ ወድቃ «አባዬ፣ ሳይመርቁ አይስደዱኝ» ብላ አለቀሰች። እኛ ዘንድ ሳይመረቅ መንገድ የወጣ እንደተረገመ ነው። መረቁ። ድምፃቸው ግን ከጉሮሯቸው አልወጣም።

በዓመቱ አስከሬኗ በሳጥን መጣ። ደላላውን ማንም ምንም አላለውም፤ ለቅሶ ደርሶ፣ በልቶ ሄደ።

«ቀልባቸው ሳይኖርበት መርቀው እሳቸው ገደሏት» አለች እናቴ።

ከዚያ ወዲያ አባ ይመርን ለምርቃት የጠራቸው የለም፤ እኛም ተረታቸውን እንዳንሰማ ተከለከልን። በመጨረሻው ክረምታቸው በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው። ፍማቸውን ብቻቸውን እየቆሰቆሱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ያቺን በቅሎ ለራሳቸው የሚያወሩ መሰለኝ።

እኔም ትምህርቱን ትቼ ደሴ ሲሚንቶ እሸከማለሁ። የምንወጣበት የግንባታ እንጨት ሊከዳ ሲል ቆዳዬ ቀድሞ ይነግረኛል፤ ፎርማኑ «በምን አወቅክ?» ስለሚል ግን ለማንም ሳልናገር እወጣበታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህቴ ደወለች። «ነገ ዓረብ አገር ልበር ነው ወንድምዬ። አባባም የሉ፣ አያታችንም የሉ፤ አንተ መርቀኝ።»

የክንዴ ፀጉር ቆመ። «ቅሪ» ብላት «በምን አወቅክ?» ትለኛለች። አያቴ ትዝ አሉኝ፤ ጭሱ፣ ስንጥቁ፣ ከንፈራቸው። ጉሮሮዬን ጠረግኩና፣ ቀልቤ እንደሌለበት እንዳይታወቅብኝ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«በደህና ያስገባሽ» አልኳት።

«አሚን» አለች እየሳቀች።