መድኃኒት የማይዋጥበት ቀን

ሥራነሽ ጤና ጣቢያ ከመግባቷ በፊት ሮብ ገበያ ላይ አሥራ አንድ ዓመት አረቄ አውጥታ ሸጣለች። ደጇን ያልረገጠ ወንድ ቢኖር ወይ ሕፃን ነው ወይ ውሸታም፤ ይህን የምትለው ራሷ ናት። ቫይረሱ በደሟ ሲገኝ ጋኑንና መቃውን ጥላ ኪኒኗን ስትውጥ ከረመች። በ2008 ዓ.ም. አንድ ጤና ጣቢያ «የደረሰብሽን ታውቂያለሽ፣ ሌላውን አበርቺ» ብሎ መካሪ አድርጎ ቀጠራት።

በዓመቱ ከበላይ አዲስ ቅጽ መጣ። ለኤችአይቪ ምርመራም ሆነ መድኃኒት የሚመጣ ሁሉ መጠጥ ይጠጣ እንደሆነ ይጠየቅ፣ የሚጠጣውም ይመከር ተባለ። ጠያቂው ነርሱ አምደሚካኤል ነበር፤ ነጭ ጋወኑን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ቀና ብሎ የሰው ፊት የማያይ ጎረምሳ። «ትጠጣለህ?» ይላል ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ። ገበሬው ክፍሉን በአረቄ ትንፋሽ ሞልቶት «ኧረ የለም ጌታዬ» ይላል። እሱም «አይጠጣም» ብሎ ይጽፋል። በሦስት ወር ውስጥ ከመቶ ሃያ ሰው አንድም ጠጪ አልተገኘም። ተቆጣጣሪዎች መጥተው ይህን አነበቡና አመሰገኑት። ሥራነሽ ከኋላ ቆማ «ታዲያ የእኔን አረቄ መሬት ነው የጠጣው?» እያለች በሆዷ ሳቀች። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም። የተማሩት ሲጃጃሉ ማየት ደስ ይላት ነበር።

ባዘዘው የድሮ ደንበኛዋ ነው። ቫይረሱ አለበት፤ ሚስቱ ወለተ ኪዳን ግን ነጻ ናት። እሱ ኪኒኑን ሳያቋርጥ ከዋጠ እሷም ነጻ እንደሆነች ትኖራለች። አሁን ግን የደሙ ውጤት ቫይረሱ መብዛቱን አሳየ። ሥራነሽ ያኔ ነው አግዳሚው ላይ አጠገቡ የተቀመጠችው።

«አሁን ማን ቤት ነው የምትቀምሰው?» አለችው።

«ወለተ ሐዋርያት ቤት ነዋ።»

«ስንት መለኪያ?»

«በገበያ ቀን ስድስት ሰባት። የማኅበር ቀንማ ማን ይቆጥራል።»

«ኪኒኑንስ?»

ባዘዘው ደረቱን ነፋ። «በእሱስ አልታማም። ነርሱ ለሁሉም እንደሚለው ‘ከመጠጥ ጋር እንዳትቀላቅል’ ብሎኛል። በጠጣሁበት ቀን አንዲት ፍሬ አልነካም።»

ደሟ ፈላ። አምደሚካኤል ዘንድ ሄዳ ነገረችው። እሱ መዝገቡን ገልጦ «አይጠጣም ብሎኝ እኮ ነው፤ ይኸው ተጽፏል» አላት።

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲባል አልሰማህም?» አለችው። «ብቅሉ አፍንጫህ ሥር ተቀምጦ አንተ ወረቀት ትጠይቃለህ።»

ተመልሳ ባዘዘውን «ጠጥተህም ቢሆን ዋጥ። አረቄውን ቀስ በቀስ አብረን እንቀንሰዋለን፤ ኪኒኑ ግን አንድ ቀንም አይቅር። ነገ ሚስትህን ይዘሃት ና» አለችው።

በማግስቱ ወለተ ኪዳን ተመረመረች። ቫይረሱ ተገኘባት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ያለ ድምፅ አለቀሰች። አምደሚካኤል ለእሷም ቅጹን ሊሞላ ብዕሩን አነሣ።

ሥራነሽ ልትሰድበው አፏን ስትከፍት ባዘዘው ቀደማት።

«መጠጣቴን አንቺ ታውቂ ነበር» አላት ሥራነሽን በቀስታ። «ሦስት ወር ሙሉ እዚህ ስመላለስ አይተሽኛል። ያኔ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።»