ውሃ የሌለው ወደብ

ባለፈው ሳምንት የታመመች የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ከባሕር ዳር ተነሥቼ ደልጊ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ዱርቤቴ ላይ ቁርስ ቀማመስን፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ግማሹን እንቅልፍ ወሰደልኝ። ያነቃኝ ረዳቱ ነው።

«እማማ፣ ደልጊ ነዎት ወይስ ወደብ ላይ ይወርዳሉ?»

«ወደብ» አልሁት።

አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ በመስኮት ወዲያና ወዲህ አየች። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሱቅ፣ ባጃጅና የዳጉሳ ማሳ ነው። «ውሃ የታለና ነው ወደብ የሚሉት?» አለች።

«ድሮ ሐይቁ እዚህ ድረስ ነበር አሉ» አላት ረዳቱ። «ሸሽቶ ነው።»

ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ። ልጁ አይፈረድበትም፤ እኔ እዚያ ስኖር እናቱም አልተወለደች ይሆናል።

በወጣትነቴ ከተማችን ከታች፣ ከሐይቁ ዳር ነበረች። ጀልባው ከባሕር ዳር በሳምንት አንዴ ይመጣል። ያን ዕለት ማንም ሐሙስ ብሎ አይጠራውም፤ «የጀልባ ቀን» ነው። ጨው፣ ሳሙና፣ ቆርቆሮና ላምባ ያራግፋል፤ ጤፍ፣ ኑግና ፍየል ጭኖ ይመለሳል። ሰርግ የሚደገሰው፣ ሕመምተኛ ሐኪም ቤት የሚሄደው፣ ሩቅ ያለ ዘመድ ለቅሶ የሚደርሰው በጀልባ ቀን ነበር። እናቴ ከማራገፊያው አጠገብ ምግብ ቤት ነበራት። ከበሩ በላይ በተሰቀለ ቆርቆሮ ላይ በሰማያዊ ቀለም «ወደብ ምግብ ቤት» ተብሎ ተጽፏል። ቀረሶ ጠብሳ በአዋዜ ታቀርባለች፤ ከሐይቁ ዓሣ ሁሉ እንደ ቀረሶ የሚጣፍጥ የለም፣ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። በሌላው ቀን ግን የምናበስለው ለራሳችን ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ መስከረም፣ ጭቃው ጠጠር ሲል፣ መንገድ ሠሪዎች መጡ። ሕዝቡን ዋርካ ሥር ሰበሰቡት። ቢጫ ቆብ ያደረገ ሰው ተነሣና «ከኋላችሁ ካለው ኮረብታ ላይ ካባ እንከፍታለን» አለ። «ለናንተም ለልጆቻችሁም ይተርፋል።»

የቤተ ክርስቲያናችን መሪጌታ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «እሰይ! እግዜር ይስጥልን! ለመሆኑ ለካህናቱ ነው ወይስ ለዲያቆናቱ ጭምር?»

ሰውዬው ግራ ገባው። «ለመንገዱ ነው እንጂ አባ።»

«መንገድ ደሞ ካባ ይለብሳል?»

እኛ የምናውቀው ካባ በጥምቀት የሚለበሰውን፣ ወርቀ ዘቦውን ነው። በእነሱ ቋንቋ ካባ ማለት ድንጋይ የሚወጣበት ጉድጓድ መሆኑን ሰውዬው ሲያስረዳ ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ መሪጌታም ዘግይተው ሳቁ። ያልሳቀችው እናቴ ብቻ ናት።

«መንገዱ በየት በኩል ነው የሚያልፍ?» አለች።

ሰውዬው በጣቱ ከኮረብታው ሥር አሳየ፤ ሐይቁን በጀርባው አድርጎ ነበር የቆመው።

ካባው ተከፈተ። ድማሚት ሲፈነዳ ከመደርደሪያችን ላይ ሰሐን ይንጫጫል። እኔም ከእኩዮቼ ጋር ጠጠር ለቀማና ጭነት ገባሁ። ጸጉሬ ሁልጊዜ አቧራ፣ እጄ ሻካራ ሆነ፤ ግን በራሴ ደመወዝ የገዛሁትን ጫማ የተጫማሁት ያኔ ነው፣ ደስታውን አልረሳውም። የካባው ሠራተኛ ምሳውን እኛ ጋ ስለሚበላ ቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ በየቀኑ ሞላ። ከተማችን እንደዚያ ጠግባ አታውቅም፤ አዲስ ቤት ያልሠራ፣ የሠራውንም ያላደሰ አልነበረም። ያ ሁሉ ድንጋይ ወዴት እንደሚሄድ ያሰበ ግን ጥቂት ነው።

«ካባው ሲያልቅስ ማን ሊበላልን ነው?» ብያት ነበር።

«ጀልባው አለ» አለችኝ፣ ዓሣዋን እያገላበጠች።

ካባው አለቀ፤ መንገዱም ተከፈተ። ነጋዴዎቹ ጨውና ቆርቆሮውን በጭነት መኪና ያስመጡ ጀመር። ጀልባው በየሳምንቱ እየቀለለ መጣ። አንድ የጀልባ ቀን እናቴ እንደ ልማዷ ዓሣዋን ጠብሳ በር ላይ ቆመች፤ የወረዱት አንዲት አሮጊትና ከሐኪም ቤት የሚመለስ ልጃቸው ብቻ ነበሩ። እነሱም ስንቅ ይዘዋል። ዓሣው ቀዘቀዘ። በተከታዩ የጀልባ ቀን ጀልባው ጭራሽ አልመጣም። እናቴ እስኪመሽ ውሃውን ስታይ ዋለች፤ አንጀቴን በላችው።

በማግስቱ «ነይ፣ ቆርቆሮውን እናውርደው» አለችኝ። «ላይ መንገዱ ዳር እንወጣለን።»

«እዚያ ወጥተንማ ወደብ አይባልም እማዬ። ውሃ በሌለበት! ሰው ይስቅብናል። ሌላ ስም እናጽፍ።»

«ይሳቃ! እንጀራ የበላሁበት ስም ነው፤ ጥየው አልሄድም።»

ነጠላዋን እንደ ቀለበት ጠቅልላ፣ ቆርቆሮውን ራሷ ላይ አድርጋ ዳገቱን ወጣችው። እኔ ብረት ድስቱንና በርጩማዎቹን ይዤ ተከተልሁ። መንገዱ ዳር ስንሰቅለው ሰው እውነትም ሳቀ። ሾፌሮች ግን ምሳ ሲያምራቸው «ወደብ ጋ እንቁም» ማለት ጀመሩ፤ ረዳቶች «ወደብ ወራጅ!» አሉ። ሻይ ቤቱም፣ ወፍጮውም፣ ገበያውም እየተከተለን ወጣ። ከታች ሸምበቆና ጥቂት ዓሣ አጥማጅ ቀረ። እናቴ እዚያው መንገዱ ዳር ኖራ አረፈች። ሐሙስ ሐሙስ ግን ገበያ ኖረም አልኖረ ዓሣ አብዝታ ትጠብስ ነበር፤ ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

ሚኒባሱ ቆመ። የእናቴ ቤት ስልክ የሚጠገንበት ሱቅ ሆኗል። ኮረብታው በካባው በኩል እንደተጎመደ ነው፤ ፍየል ወጥቶበታል። ስወርድ ተማሪዋ ቦርሳዬን አቀበለችኝና «እማማ፣ እውነት ሐይቁ ሸሽቶ ነው?» አለችኝ።

«ሐይቁስ እዚያው ነው ልጄ። ወደቡን እናቴ ናት በራሷ ላይ ተሸክማ ያወጣችው።»

ረዳቱ ቀልድ መስሎት ሳቀና በሩን ዘጋ፤ «ሳበው!» አለ። ቆሜ ቁልቁል ወደ ሐይቁ አየሁ፤ ምንም አልነበረበትም። ቀኑ ሐሙስ መሆኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።