እባቧና መጥረጊያው

ለንደን ውስጥ ሰቨን ሲስተርስ ሠፈር ካለው የቤት እንስሳት መሸጫ ስገባ ለእንስሳቱ የተነጠፈው የእንጨት ፍቅፋቂ ሽታ ወደ አሥራ አራት ዓመቴ መለሰኝ።

ያኔ የምንኖረው እዚሁ ለንደን፣ ሃርልስደን ሠፈር ነበር። እማዬን ስንት ጊዜ ለምኜ ሚልክ ስኔክ ገዛችልኝ፤ መርዝ የሌላት፣ ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ ቀለበት የተደረደረባት ቀጭን እባብ። ሻጩ "ለጀማሪ ዋናው ክዳኑ ነው፣ በጠባብ ቀዳዳ ታመልጣለች" ስላለኝ ክዳኑ ጥብቅ የሚል ትንሽ የመስታወት ሣጥን መረጥኩላት። ባንድ በኩል ማሞቂያ፣ በሌላው የውሃ ሳህን፣ መሃል ላይ መደበቂያ አደረግኩላት። ክዳኑን ቼክ ሳላደርግ አልተኛም ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ክዳኑ ወለሉ ላይ ወድቋል። ሳሎናችን ሶፋ ላይ የሚያድሩት አጎቴ ጋሼ ወርቁ በገዛ እጃቸው ከፍተው፣ በመጥረጊያ ቀጥቅጠው ገድለዋታል። እሷንም መጥረጊያውንም ቆሻሻ መጣያ ከተው እጃቸውን ይታጠባሉ።

"ጋሼ፣ ምን አደረገችዎት?"

"እባብ ግደል፣ ከነበትሩ ገደል ይባላል፣ የኔ ልጅ። ነገ ታመሰግኚኛለሽ።"

 ክዳኑን ከወለሉ አንስቼ ባዶው ሣጥን ላይ ገጠምኩት።

ዛሬ ጋሼ እግራቸው ከድቷቸዋል፤ እማዬ ካረፈች ወዲህ ከእኔ ሌላ ዘመድ የላቸውም። ቅዳሜ እኔ ቤት ይገባሉ። "ክፍልዎ ይሞቃል" ስላቸው በስልክ መረቁኝ።

የዛሬው ሻጭ ያቺኑ የምትመስል እባብ ከነሣጥኗ እያስረከበኝ "ለጀማሪ ዋናው ክዳኑ..." ብሎ ሲጀምር "ጀማሪ አይደለሁም" አልኩት።

ሣጥኑን የማስቀምጠው ከአልጋቸው ራስጌ ነው። መጥረጊያዬን ዛሬ ጠዋት አውጥቼ ጥያለሁ።