እናቴ ያንኳኳችው ጊታር

«ዝዝዝዝ» የሚለውን የጊታር ማጉያ ድምፅ ስሰማ እስከ ዛሬ ወደ ልጅነቴ እመለሳለሁ። በቀደም አትላስ አካባቢ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ገብተን፣ ልጄ ጊታር ስትመርጥ ሻጩ ገመዱን ሲሰካው ያ ድምፅ መጣና፣ የት እንደቆምኩ ረስቼ፣ የዐሥር ዓመት ልጅ ሆኜ የእናቴን ነጠላ ጨምድጄ ይዤ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጥኩ።

ያኔ ቤታችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ብዙም አይርቅም ነበር። አውሮፕላን ሲነሳ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጥ፣ ብርጭቆው ይንጫጫ ነበር፤ እኛ ግን የምንፈራው እሱን ሳይሆን በራችን ላይ የሚቆም መኪናን ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ በቤቱ የነበርነው እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ሰለሞንና እኔ ነበርን። ሰለሞን ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት አልመጣለትም፤ ውጤት ያልመጣለት ጎረምሳ ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና ከመንገድም ከአልጋም ይታፈስ ነበር። ያን ክረምት ዝናቡ ጣራውን ሲደበድበው እናቴ «እስቲ ዝም በሉ! መኪና ነው እንዴ?» እያለች ብድግ ትል፣ ሰለሞንም ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወሬ መጣ። የቀበሌው የኪነት ቡድን ጊታር ተጫዋቹ ስለለቀቀ፣ የራሱን ጊታር ይዞ የሚመጣ ሰው ይፈተናል ተባለ። የኪነት አባል ደግሞ አይታፈስም ይባል ነበር። ሰለሞን በትምህርት ቤቱ ቦክስ ጊታር ጣቱን አፍታቶ ነበር እንጂ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ጊታር በህልሙም አልነበረውም። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣችና፣ የእቁብ ጓደኞቿን ለምና ዕጣውን አስቀድመው እንዲሰጧት አደረገች።

መስከረም ጠባ፤ ፈተናው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው እናቴ ሰለሞንን በጋቢ ጠቅልላ፣ መንገድ ላይ ለጠየቃት ሁሉ «ታሞብኝ ነው፣ ጠበል ልወስደው ነው» እያለች፣ እኔን አስከትላ ጋሽ በየነ ቤት ወሰደችን። ጋሽ በየነ የሰዓት እላፊ አዋጅ የምሽት ክበቡን እስኪያዘጋበት ድረስ ሙዚቀኛ የነበረ፣ ከዚያ ወዲህ ያገለገሉ መሣሪያዎችን እየሸጠ የሚኖር ሳቂታ ሰው ነበር። በእኛ አቅም የሚገኙት ሁለት ጊታሮች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ የሚያብለጨልጭ ቀይ፣ ሌላው ቀለሙ የተላላጠ ቡኒ። ሰለሞን ቀዩን አንስቶ ደረቱ ላይ ሲያስጠጋው ከክረምቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት፤ እኔም አፌ አያርፍ «ቀዩ! ቀዩ!» እያልኩ አጨበጨብኩ።

«ለጀማሪ ዋናው ክሩ ከእንጨቱ አለመራቁ ነው፤ ከራቀ ጣት ይበላል» አለ ጋሽ በየነ። «ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ቀዩ ግን መድረክ ላይ ያምርበታል። መብራት ጠፋ እንጂ ሰክቼ አሰማችሁ ነበር።»

እናቴ ቀዩን ተቀብላ፣ ገበያ እንስራ ስትገዛ እንደምታደርገው፣ ጆሮዋን አስጠግታ ጀርባውን በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አደረገችው። ከዚያም ቡኒውን።

«ይኼ ተሰንጥቋል» አለች ቀዩን እየመለሰች።

«ኧረ እትዬ ዘነበች! ጊታር እኮ ነው፣ እንስራ አይደለም!»

«ስንጥቅ ስንጥቅ ነው፣ ጋሽ በየነ።»

ጋሽ በየነ እየሳቀ ወደ መስኮቱ ወሰደውና ሳቁ ቆመ፤ አንገቱ ሥር ተሰብሮ በሙጫ ተጣብቆ፣ በላዩ ቀለም ተቀብቶበት ነበር። «ወይ ጉድ! እኔንም ሸውደውኛል» አለ። ቡኒውን ይዘን ስንመለስ ሰለሞን እስከ ቤት ድረስ እንዳኮረፈ ነበር።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሰለሞን መድረክ ላይ ወጣ፣ ገመዱን ሰካ፣ ክሩን መታ። ጭጭ! ደግሞ መታ፤ ምንም የለም። ለካ እናቴ እንጨቱን እንጂ ሽቦውን አላዳመጠችም! የኪነት ኃላፊው ሰዓቱን አየና «በቃ ጓድ፣ ውረድ» አለ። ወንድሜ ገመዱን ሊነቅል ጎንበስ አለ። ያኔ እናቴ ተነሳች፤ ሰው ሁሉ እያያት መድረኩ ላይ ወጥታ፣ እምቢ ያለ ራዲዮናችንን እንደምታደርገው ጊታሩን በመዳፏ ጧ! አደረገችው። «ዝዝዝዝ!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ሰለሞን ግን አልሳቀም፤ የሽቦው መገናኛ መልሶ ሳይላቀቅበት ዐይኑን ጨፍኖ የባቲን ቅኝት ለቀቀው። በዚያው ቀን ተቀበሉት። እናቴ ቤት ገብታ «እፎይ» አለችና ያን ሌሊት እስከ ንጋት ተኛች።

ጥር ላይ የኪነት ቡድኑ ሠራዊቱን እንዲያዝናና ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦር ግንባር ታዘዘ። እንዳይሄድ የገዛንለት ጊታር ይዞት ሄደ። እናቴ ደረቷን እየደቃች «በገዛ እጄ! በገዛ እጄ መርጬ!» ትል ነበር፤ ጎረቤት ሊያጽናናት ሲመጣም የምትመልሰው ያችኑ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ላይ፣ ሠራዊቱ ተበትኖ ወታደሩ በእግሩ ወደ ከተማ በሚጎርፍበት ሰሞን፣ አንድ ከሲታ ሰው በራችን ላይ ቆመ። እጁ ባዶ ነበር። እኔ ሞኟ፣ ወንድሜን ማቀፉን ትቼ «ጊታሩስ?» አልኩት።

«መኪና ላይ እንዲያሳፍሩኝ ሰጠኋቸው» አለ።

እናቴ ጆሮዋን ደረቱ ላይ ለጥፋ በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አደረገችው። «አልተሰነጠቀም» አለች እንባዋ እየወረደ፤ «ልጄ አልተሰነጠቀም!»

የበቀደሙ መደብር በመብራት የተጥለቀለቀ ነው፤ ለጀማሪ የሚሆነው ርካሹ ጊታር ሁሉ ተሰክቶ፣ ተሰምቶ ይሸጣል። ሳላስበው ቀዩን አንስቼ ጀርባውን ሳንኳኳው ልጄ «እማ፣ በናትሽ አታሳፍሪኝ!» አለችኝ። ደህና ነበር፤ ስላማራት ብቻ ቀዩን ገዛንላት። ያኔ እኛ ቀዩን ትተን የወጣነው ነፍስ ለማትረፍ ነበር። እናቴ ልጇ አለመሰንጠቁን እንዳመነች አረፈች፤ ሰለሞን ግን ፀጉሩ ሸብቶም፣ ሌሊት ዝናብ ጣራውን ሲደበድበው፣ ዛሬም ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል።