ከተራራው የወረደች አንዲት አበባ

ዛሬ ጠዋት በደረቀ ጦስኝ ላይ የፈላ ውሃ ሳፈስ፣ ተጨማዳ የነበረች አንዲት ቅጠል ብርጭቆው ውስጥ ቀስ ብላ ተዘረጋች። እጄ ባለበት ቆመ። ካምፓላ መጣችብኝ፤ ያ የመንገዱ ጭር ማለት፣ ያ የናፍታሌን ሽታ።

ዘግይቼ ነው የተማርኩት። ሠላሳ ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ከልጅ እግሮች ጋር ዕፅዋት አጠና ነበር። ወረርሽኙ ታክሲውንም ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ብስክሌትም ባስቆመበት ሰሞን፣ ከምኖርበት ሰፈር ከካምዎክያ በእግሬ እየሄድኩ የዩኒቨርሲቲውን ኮረብታ እወጣለሁ። የደረቁ ዕፅዋት ወረቀት ላይ ተለጥፈው በሚቀመጡበት ክፍል እንድሠራ ፕሮፌሰሬ አስፈቅደውልኝ ነበር። እዚያ ያለነው ሁለት ነን፤ እኔና ናሙና የሚለጥፉት ሽማግሌ። ሁሉም በአክብሮት «ሙዜ»፣ አባባ፣ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። እሳቸው «ኒያቦ» ይሉኛል፣ እመቤት እንደማለት።

አንድ ቁጥቋጦ እንቅልፍ ነሳኝ። ከደመና በላይ ካለ ተራራ የመጣ፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ ናሙና ነው። በአንድ የታወቀ ዝርያ ስም ተመድቦ ተቀምጧል። የቅጠሉ ጀርባ ግን በማጉያ ሲታይ የብር ኮከብ የተዘራበት ይመስላል፤ እያንዳንዷ ፀጉር ኮከብ ናት። ዘመዱ ላይ ይህ የለም።

ሌላ ዝርያ ነው ብዬ ስደውል ፕሮፌሰሩ አልተቀበሉኝም። «ቅጠልን ብርድ ይለውጠዋል። አበባውን ክፈቺና ፍሬ የሚሆነውን እብጠት እዪ። ሦስት ክፍል ካለው ያው የድሮው ነው፤ ወደ ቦታው መልሺው።»

አበባው ግን አንድ ብቻ ነበር። ተራራው ተዘግቷል። ምላጬ ከሳተ ሌላ የለም።

«ምን ዓይነት ሰነፍ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «ያን ሁሉ አቀበት ወጥቶ አንድ አበባ ይዞ የሚወርድ?»

ሙዜ ከሙጫቸው ቀና አሉ። «ሰነፉ እኔ ነኝ፣ ኒያቦ።»

ደነገጥኩ። ወረቀቱ ላይ ያለው የአንድ ፈረንጅ ስም ነው።

«እሱ ታች ድንኳን ውስጥ ያስል ነበር» ብለው ሳቁ። «ቁጥቋጦው ብቻውን ነው የቆመው። ሦስት አበባ ነበረው፣ ሁለቱን ተውኩለት። ዘር አያስፈልገውም?»

«ይቅርታ፣ ሙዜ።»

«ተይው። ይልቅ ውሃ አፍዪ።»

የደረቀ አበባ ሳይለሰልስ አይቆረጥም። የቆርቆሮ ኩባያቸውን አቀረቡልኝ፤ በመቆንጠጫ ይዤ ለቀቅኳት። መጀመሪያ እንደ ትንባሆ ፍርፋሪ ተንሳፈፈች። ከዚያ አንደኛው የአበባ ቅጠሏ ተላቀቀ፣ ሌላው ተከተለ፣ አምስቱም እንደ ሕፃን ጣት ተዘረጉ። ከእንፋሎቱ ጋር ቀጭን ሽታ ወጣ፤ የማርና የእርጥብ ድንጋይ። ያን ያህል ዘመን ወረቀት ላይ ተለጥፋ ሽታዋን አልረሳችም።

ሙዜ ኮፍያቸውን አወለቁ። «እንዲህ ነበረች» አሉ።

መቁረጥ አቃተኝ። ምላጩን እንደያዝኩ አየኋቸው።

«ቁረጪ እንጂ! ለዚህ ነው ያወረድኳት።»

አግድም ከፈልኳት። ማጉያው ሥር ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ፣ ሠለስኩ። ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጥ ነገር እንደ ብርቱካን ተከፋፍሎ ነበር። አምስት ክፍል። ስም ያልወጣለት ፍጡር ፊት ተቀምጫለሁ፤ እኔ ኖርኩ አልኖርኩ፣ በየዓመቱ ደመና ውስጥ አምስት ክፍሉን እየሠራ የኖረ።

«ስንት?»

«አምስት።»

«እኔስ ምን አልኩ?» አሉ። ምንም አላሉም ነበር።

በማግስቱ የአዲሱን ዝርያ መግለጫ መጻፍ ስጀምር «ሰብሳቢ» በሚለው ቦታ የሙዜን ስም አስቀደምኩ።

መንገድ ሲከፈት ወደ ተራራው ወጣሁ። ሙዜ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ቀሩ። ስመለስ በሩ ላይ ጠበቁኝ። ስንት እንዳመጣሁ አልጠየቁኝም።

«ስንት ተውሽለት?»

ብቻውን እንዳልሆነ ነገርኳቸው። በገደሉ ሥር፣ እሳቸው ባሉኝ ቦታ፣ ዙሪያውን ልጆቹ በቅለዋል፤ አሥራ አራት ቆጥሬያለሁ፣ ሁሉም አብበዋል አልኳቸው።

እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱ፣ ኮፍያቸውን ሊያወልቁ። አስቀድመው አውልቀውት ነበር።