የፈረምኩበት ቀሚስ

በጽሑፍ እንዲቀመጥልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው፤ ዲሴምበር ላይ፣ በትምህርት ቤቷ ኮንሰርት ዕለት፣ እኔን እማዬ እያለች ያደገችውን የልጄን ልጅ ሱሪ ለብሳ በመምጣቷ ከኳየሩ፣ ከዘፋኞቹ ሰልፍ አስወጧት። ደንቡ ሴቶች ጥቁር ቀሚስ ይልበሱ ይላል። ሱሪዋም ጥቁር ነበር፤ ራሴ ነኝ የተኮስኩት።

መጋረጃው ተከፈተ፣ ዘፈኑ ተጀመረ፣ እሷ የለችም። ወጥቼ ስፈልጋት ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

ሁለተኛው በደል የእኔ ነው። መኪና ውስጥ እንደገባን፣ “ለአንድ ሰዓት ቀሚሱን ብትለብሺው ምን ትሆኚ ነበር?” አልኳት። ከትምህርት ቤቱ ከሎውሪ እስከ ቤታችን ቻምበርስ ሮድ ድረስ የጫማዋን ክር ስትፈታና ስታስር ነበር።

ከዚያ ወዲያ መዝፈን ተወች። ድሮ ሳህን ስታጥብ ትዘፍናለች፣ ጫማዋን ስታስር ትዘፍናለች፤ “ኧረ ጆሮዬን!” እያልኩ የምቆጣት እኔ ነበርኩ። አሁን ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ የቧንቧውን ውኃ ብቻ እሰማለሁ። አንዳንዴ እንዲሁ እንደቆምኩ ሻዬ ይቀዘቅዛል።

ልቧ ወደ ሴት ልጅ እንደሚያደላ ቀደም ብላ ነግራኛለች። እሱን ከአምላኬ ጋር ገና አልጨረስኩም፤ አልዋሽም። ልጅን ከጓደኞቿ መሀል ነጥሎ ማስወጣት ግን በደል ነው። ይህን ለማወቅ ስድስተኛ ክፍል ይበቃል፤ እኔም ያቆምኩት እዚያ ነው።

አንድ ሐሙስ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ፓርክ አድርጌ ገባሁ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ የአለባበስ ደንቡን አውጥቶ ከታች ያለውን ፊርማ አሳየኝ። የእኔ ነው። በየዓመቱ ኦገስት ላይ የሚላከውን የወረቀት ክምር ሳላነብ ነበር የምፈርመው።

“እርስዎም ተስማምተዋል” አለኝ።

“የእኛ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆናት ቀሚስ ለብሰው ነው የሚቀድሱት” አልኩት በዚያው በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ ፎቶውንም ከስልኬ አሳየሁት። “ወንዶች ናችሁ ብሎ ያስወጣቸው የለም።”

“የሚያምር ልብስ ነው።”

“ማማሩን አልጠየቅኩህም። ፊርማዬን መልስልኝ።”

ፊርማ አይመለስም አለኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ መጣሁ። ከዚያም በየሐሙሱ። ጸሐፊዋ ገና ከበሩ ስታየኝ፣ “ፊርማዎ አሁንም ፋይል ውስጥ ነው” ትለኛለች።

“ደህና አደረ?” እላትና እቀመጣለሁ።

በዚህ መሀል ሌላ ኮንሰርት አለፈ። የዚያን ቀን ምሽት ልጅቷ ክፍሏን ዘግታ አመሸች፤ እኔም አላንኳኳሁም።

ኤፕሪል ላይ ደብዳቤ መጣ። ማንኛውም ተማሪ ሱሪም ሆነ ቀሚስ መርጦ ይለብሳል፣ ለምን ተብሎም አይጠየቅም ይላል። አዲስ የሚፈረም ቅጽ አብሮት አለ። ይሄኛውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሳልፈርም ይዤው ወጥ ቤት ገባሁ። ሳህን እያጠበች ነው።

“ያኛውን ሳላነብ መፈረም አልነበረብኝም” አልኳት። “መኪና ውስጥ ያልኩሽንም ማለት አልነበረብኝም። ይሄን አንብቢውና፣ ይሁን ካልሽ እፈርማለሁ።”

እጇን ጠርጋ አነበበችው። እንደገና ከላይ ጀመረች። ከመሳቢያው እስክሪብቶ አውጥታ አጠገቤ አስቀመጠችልኝ።

“ታዲያ ትዘፍኛለሽ?” አልኳት።

ቧንቧውን ዘጋች።

“የኳየሩ ልምምድ፣ ሪሃርሰሉ፣ ሐሙስ ነው” አለች። “ከእንግዲህ ሐሙስ ፍሪ ነሽ አይደል፣ እማዬ?”