ከጉያቱ አፍ የማይወጣው ስም

ነገሩ የሆነበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም። የፈራሁ እንዳይመስላችሁ፤ ጉያቱም የማትጠራው ስም አላት፣ ለእሷ ያማረ ለእኔም ያምራል። ነገሌ ከተማ ውስጥ ለከብት ጉዳይ የተቋቋመ፣ ከከብት በቀር ሁሉም የሚገባበት ቢሮ ነው ካልኳችሁ ይበቃል።

ጉያቱ እዚያ በ1985 ዓ.ም. በታይፒስትነት ተቀጠረች። ከዚያ ወዲህ የደብዳቤው አናት አራት ጊዜ፣ ኃላፊው አሥራ አንድ ጊዜ ተቀያይሯል፤ ጉያቱና ወንበሯ ግን እንዳሉ ናቸው። የመጣው አለቃ ሁሉ «ሥር ነቀል ለውጥ» እያለ ይገባል፤ ሥር ነቀል ለውጡን በሦስት ኮፒ የምትመታለት እሷ ናት፤ ሳይነቅል ሲሄድም የመሸኛ ደብዳቤውን የምትመታው እሷው ናት። ኮምፒውተር የመጣ ጊዜ ሥልጣኔ እንዳይቆሽሽ በዳንቴል ተሸፍኖ ሁለት ዓመት ተቆለፈበት። ዳንቴሉን የገለጠችው ጉያቱ ነች። በአሥሩም ጣቶቿ ትመታለች፤ አለቆቿ ዛሬም በአንድ ጣት ፊደል ያድናሉ።

ከተማው ግን ጉያቱን የሚያውቃት በጣቷ ሳይሆን በሳሏ ነው። በቦረና ወግ ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ሌላ ሰው በዚያ ስም ቢጠራ እንኳ ዞራ ታልፈዋለች። የጉያቱ አማት ደግሞ አባ ሁቃ ናቸው፣ አገሩን ሁሉ ሁቃ ሞልቶታል። ስለዚህ በረንዳ ላይ ቆማ የስም ዝርዝር ስታነብ እዚያ ስም ላይ ስትደርስ ትስላለች።

«እህ! ቦናያ።»

«ሁቃ ቦናያ!» ይላል ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሠራ አንድም ቀን አልተዛነፈም። ሰፊው ሕዝብ ይደራጅ እያሉ ጉሮሯቸው የደረቀ ካድሬዎች ያላመጡትን አንድነት ጉያቱ በአንድ ሳል ታመጣዋለች።

በ2014 ድርቁ ጠና። ከአዲስ አበባም አዲስ የመመዝገቢያ ሥርዓት መጣ፤ ዝናብ ቢመጣ ይሻል ነበር፣ ግን ዝናብን የሚያመጣ መምሪያ የለም። ድርቆሽ የሚታደለው ሰው ስሙ ኮምፒውተር ውስጥ መግባት አለበት ተባለ። ለመግባት የይለፍ ቃል ያስፈልጋል፤ የይለፍ ቃሉ እምቢ ካለ ደግሞ የምስጢር ጥያቄና መልስ። ማሽኑ ጉያቱን «የመጀመሪያ መኪናዎ ምን ነበረች?» አላት። አህያ እንኳን አልነበራትም። «ጥያቄውን ራስዎ ይጻፉ» የሚል ስታገኝ ፈገግ አለች። «የባለቤቴ አባት ስም ማን ነው?» ብላ ጻፈች፤ መልሱንም መታች። ወጉ አፍን እንጂ ጣትን አይከለክልም። ምስጢር ከአፍ የማይወጣ ነገር ከሆነ በዓለም ላይ ከዚህ የጠበቀ ምስጢር የት ይገኛል? እንዲህ ያለ የጠራ ትንታኔ ከአሥራ አንዱም አለቆች ወጥቶ አያውቅም።

ችግሩ፣ ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ምራት ሆነው አያውቁም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ድርቆሽ የጫነ መኪና ግቢው ገባ። ሾፌሩ ሽመልስ የያዘው ትእዛዝ አጭር ነው፦ የታተመ ዝርዝር ከነማኅተሙ ካላየ አያራግፍም፤ እስከ ስድስት ሰዓት ካልተሰጠው ጭነቱን ወደ ሌላ ወረዳ ይዞ ይሄዳል። ሰዉ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፏል። አባ ሁቃም መጥተዋል፤ ምራታቸው የምትሠራበት ክፍል ገብቶ ማስጨነቅ ነውር ነው ብለው ከአጥሩ ውጭ ግራር ሥር ተቀምጠዋል። ከሰባ ከብት ሁለት ላሞች ቀርተዋቸዋል። ሁለቱም ጠዋት ጠዋት በቀንድና በጅራት ተይዘው በሰው ኃይል ነው የሚቆሙት። ዛሬ ካልቀመሱ ነገ የሚያቆማቸው የለም።

ጉያቱ የይለፍ ቃሏን መታች። እምቢ። ቀስ ብላ ደገመችው። እምቢ። ለካ የይለፍ ቃሉ በየዘጠና ቀኑ መቀየር ነበረበት፤ ጊዜው አብቅቷል። ሦስተኛ ስትሞክር ጭራሽ ተቆለፈባት።

ኃላፊው እንዳሻው ከኋላዋ ቆሞ «አጥፍተሽ አብሪው» አላት።

«አጠፋሁት፣ አበራሁት።»

«እና?»

«ያው ነው።»

«እንግዲያው ደግመሽ አጥፍተሽ አብሪው» አለና ስብሰባ ገባ። አመራር መስጠት ይህ ነው።

ጉያቱ አዲስ አበባ ደወለች። የእሷ ስልክ ጆሮ ላይ ሲደረግ አይሰማም፣ በድምፅ ማጉያው ብቻ ነው የሚናገረው። ስለዚህ የአርባ ደቂቃውን የማስጠበቂያ ሙዚቃ ሰልፈኛው ሁሉ በመስኮቱ አብሮ አዳመጠ። አምስት ሰዓት ተኩል ሲል አንዲት ልጅ አነሳች።

«ረሆቦት እባላለሁ፣ ምን ልታዘዝ እናቴ?»

ጉያቱ አስረዳቻት።

«ችግር የለውም፣ የምስጢር መልስዎን ይንገሩኝና እከፍትልዎታለሁ። የባለቤትዎ አባት ስም ማን ነው?»

ጉያቱ የለመደባትን አደረገች።

«እህ!»

«ሁቃ!» አለ ሰልፉ በሙሉ በመስኮቱ።



«እናቴ... ስንት ሰው ነው እዚያ ያለው?»

«ጥቂት ነን» አለች ጉያቱ። ሁለት መቶ ይሆናሉ።

«መልሱ ከእርስዎ አንደበት ነው መውጣት ያለበት። ጥሪው ይቀዳል።»

«ልጄ፣ ልጻፍልሽ።»

«በጽሑፍ አንቀበልም።»

«እኔ ደግሞ በአፌ አልጠራውም። ነውር ነው።»

«ስም መጥራት ነው ነውሩ?»

«እሳቸው አባቴ ናቸው። አንቺ አባትሽን ስማቸውን ጠርተሽ ና ብላ ትያቸዋለሽ?»

ሽመልስ ከመኪናው ወርዶ ሰዓቱን እያሳየ መጣ። «አቦ ወይዘሮ ጉያቱ፣ አንዴ በይውና ገላግይን! ማን ይሰማሻል?»

«ይህ ሁሉ ሕዝብ ይሰማኛል» አለችው። «በላይ በላይ ደግሞ ይቀዳል አለች፣ አልሰማህም? ሁልጊዜ ስጠራው ልኖር ነው?»

ሰልፉ ግን ምክር አላነሰውም። አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በሁለቱም እያማታ «ሁቃ ነው በያት!» «ሁቃ!» «ኧረ ሁቃ ነው፣ ልጅቷ ትስማ!» ይጮኻል። ይህን ያህል የተጠበቀ ምስጢር ነገሌ አይታ አታውቅም።

ከግራሩ ሥር አባ ሁቃ ብድግ አሉ። ጆሯቸው ትንሽ ከብዷል፤ ስማቸውን ግን ይሰማሉ። ዱላቸውን እየተመረኮዙ መስኮቱ ጋ ደረሱ። ጉያቱ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ናጋ! ሰላም ነው? ማነው አንድ ጠዋት ሙሉ የሚጠራኝ? ማን ሞተ?»

«አዲስ አበባ ያለች ልጅ ትፈልግዎታለች» ተባሉ።

ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው ጮኹበት። «አካም ልጄ! ከብቱ ደህና ነው?»

«ከ... ከብት የለኝም አባቴ። እርስዎ ማን ነዎት?»

«ሁቃ ነኛ!»

«የወይዘሮ ጉያቱ ምን ይሆናሉ?»

አባ ሁቃ ወደ ሰልፉ ዞረው «ምኗ ነህ ትለኛለች?» ሲሉ አንዱ ቀልደኛ «ፓስዎርዷ ነኝ በሏት!» አላቸው።

«ፓስዎርዷ ነኝ» አሉ አባ ሁቃ ኮስተር ብለው።

ረሆቦት ሳቋ አመለጣት፤ እሱም ተቀዳ። ቀጥሎ ግን መምሪያ ከሚያነቡ ሰዎች ወገን ስትሆን ያልጠበቅኩትን ነገር አደረገች፤ መምሪያውን ተጠቀመችበት።

«ወይዘሮ ጉያቱ፣ ደንቡ መልሱ ከባለቤቱ አንደበት ይውጣ ነው የሚለው። ረጅም ይሁን አይልም። አሁን እኚህ አባት የተናገሩት ስም የባለቤትዎ አባት ስም ነው?»

«ኤዬ! አዎ! ነው!» አለች ጉያቱ፤ ስም መጥራት እስካልሆነ ድረስ ሦስት መልስ ታውቃለች።

«ተከፍቷል። ግን እባክዎ አሁኑኑ መልሱንም የይለፍ ቃሉንም ይቀይሩ። ይኼኛው... ትንሽ ታውቋል።»

ማተሚያው የመጨረሻውን ወረቀት የተፋው ለስድስት ሰዓት ዘጠኝ ጉዳይ ነው። እንዳሻው ለማኅተሙ ከስብሰባ ተጠርቶ መጣ፣ ማኅተሙን መታና «በርብርብ ተወጣነው» ብሎ ተመለሰ። ጉያቱ በረንዳ ላይ ወጥታ ማንበብ ጀመረች፤ የተጠራ ሁሉ የድርቆሽ እስሩን ተቀብሎ እዚያው ጥግ ቆመ። አማቷ ላይ ደረሰች።

«እህ!»

ጸጥ። ሁለት መቶ ሰው ሰማይ ሰማይ ያያል። ሠላሳ ዓመት ያልተዛነፈው ሕዝብ ዛሬ ሊስቅባት ተስማምቷል።

«እህ! እህ!»

«ማነው እህ? ላስረክበው የተባለው ሰው የት አለ?» አለ ሽመልስ ከመኪናው ላይ።

አባ ሁቃ ዱላቸውን ወደ ላይ አነሱ። «ፓስዎርዱ እዚህ ነው! ሣሩን ወዲህ በል!»

በማግስቱ አንደኛዋ ላም በሰው ተደግፋ ቆመች፤ ሌላዋ ግን ማንም ሳይነካት ራሷ ተነሳች። ሽማግሌው እስከ ዛሬ በገበያው «አባ ፓስዎርድ» ነው የሚባሉት፤ ጉያቱ ይህኛውን ስም መጥራት ትችላለች፣ ደስ ብሏታል።

እንዳሻው አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለጥንቃቄ ያህል ኃላፊም ማወቅ አለበት ብሎ፣ አዲሱ የምስጢር መልስ ምን እንደሆነ ጠየቃት።

ጉያቱ ሳለች።